የአስታማሚዋን ቀን ማን ይከፍላል?

ባንኮ ጎቲቲ የሚለውን ስም የውጭ አገር ሰው የሚያውቀው ከቡና ከረጢት ላይ ነው። በጌዴኦ ዞን ጌዴብ ወረዳ የምትገኘው ይህች ቀበሌ ቡናዋ ባሕር ተሻግሮ በስሟ ይሸጣል። በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ ግን ጎቲቲ በዜና የተነሳችው በሌላ ምክንያት ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ የተነሳው ግጭት እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ9 መቶ ሺህ በላይ ሰው አፈናቀለ። ከተፈናቃዩ በብዙ ሺህ የሚቆጠረው ጎቲቲ ላይ ተጠለለ። በሕፃናቱ ላይ የታየው የምግብ እጥረት ምስል አገር ምድሩን አስደነገጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም መጋቢት ላይ ወደ ጌዴኦ ሄዱ።

እርዳታው ሲደርስ አልሚ ምግብ መጣ፣ ድንኳን መጣ፣ ሐኪም መጣ። የዚህ ሕክምና አሠራር ግን አንድ ሰው የግድ ይፈልጋል። ሕመሙ የጠናበት ሕፃን ጤና ተቋም ሲተኛ አንድ ሰው አብሮት መተኛት አለበት። ቀለል ያለው ደግሞ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ይመዘናል፣ አልሚ ምግቡንም ይወስዳል፤ እዚህም አዝሎት የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ካልሆነች አያት ወይም ታላቅ እህት። እሷ ስታስታምም የቀን ሥራው ይቀራል፣ ጓሮው ይታረማል ተብሎ ሳይታረም ይከርማል። ለሕፃኑ ምግብ ተመድቧል። የእሷን ቀን ማን ይከፍላል?

ይህ ጥያቄ የጎቲቲ ብቻ አይደለም። ዛሬ በብዙ አገሮች ያለ ደሞዝ ቤተሰብ ለሚያስታምሙ ሰዎች ድጎማ ይሰጥ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው፤ ነጋዴውን ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል? የበጎ አድራጎት ድርጅቱንስ? ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ሳታውቀው በተለያየ ጊዜ የተለያየ መልስ ሰጥታለች። ውጤቱም በታሪክ ይታያል።

አንደኛው መልስ “አሠሪው ይክፈል” የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 120 ቀን አሳደገው፤ ለአባትም 3 ቀን ጨመረ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የአራት ወሩን ደሞዝ የሚከፍለው አሠሪው ብቻውን ነው። ሺህ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ይችለዋል። አምስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ግን የወለደችውንም የተተኪዋንም ደሞዝ መክፈል ይከብደዋል። የሚከብደው ሰው ሕጉን በግልጽ አይቃወምም፤ ዝም ብሎ ወጣት ሴት አይቀጥርም። እናትን እንዲጠብቅ የወጣው ሕግ በር ላይ እንዲህ ይመልሳታል። የታመመ ወላጅ ወይም ልጅ ለሚያስታምም ሠራተኛ ደግሞ አዋጁ ያስቀመጠለት ራሱን የቻለ ፈቃድ የለም። ከባድ ነገር ሲገጥመው የሚያገኘው ያለ ክፍያ እስከ 5 ቀን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልስ “መንግሥት ይክፈል” የሚለው ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችለውን ድሃ እርከን እያሠራ ይከፍላል፤ መሥራት የማይችለውን አረጋዊና አካል ጉዳተኛ በቀጥታ ይደግፋል። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ በጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከጉልበት ሥራው ነጻ ሆና ክፍያዋ እንዲቀጥል ተደረገ። የምግብ እጥረት የያዘውን ሕፃን የሚያስታምም ሰውም እንዲሁ።

ይህች አንቀጽ ብዙ አልተወራላትም እንጂ በአገራችን ለአስታማሚ ድጎማ ከሚባለው ነገር እጅግ የቀረበችው እሷ ናት። ማስታመም ራሱ ሥራ ነው ብላ ቆጥራለች። ወጪው የጋራ በመሆኑ እርጉዝ ናት ብሎ ሴቲቱን የሚሸሽ አሠሪ አልፈጠረችም። ጉድለቷ ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙ በተመረጡ ወረዳዎች ብቻ የሚሠራ ነው፣ ገንዘቡም በአብዛኛው የለጋሾችን እጅ ያያል።

ሦስተኛው መልስ “በጎ ፈቃደኛ ይሥራው” የሚለው ነው። እድር ጥንትም የቆመው ለቀብር ነው፤ ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ለተቀመጠችው አስታማሚ የሚደርሳት ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። በኤችአይቪ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ከድርጅቶች ጋር ሆነው ሕሙማንን ቤት ለቤት ወደ መደገፍ ገቡ። በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በሽተኛ አጠቡ፣ መድኃኒት አስዋጡ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል ግን ከእነሱ መካከል ራሳቸው የሚበሉት ያጠራቸው ብዙ ነበሩ።

ሕጉም አላገዘም። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ድርጅቶች ከወጪያቸው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያውሉ ተከለከሉ፤ ደሞዝ፣ አበልና ሥልጠና በብዛት የሚቆጠሩት እዚያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ዱቄት ማደል ዓላማ፣ ለአስታማሚዋ መክፈል ግን “አስተዳደር” ሊባል ቻለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎ የአስተዳደርን ትርጉም ስላጠበበው ይህ ችግር ረገብ ብሏል።

በጎ አድራጎት ድርጅት “ድጎማ ከመጣ ነጻ አገልጋይ አጣለሁ” ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሌላ ነገር አሳይቷል። መንግሥት በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ በደሞዝ ሲቀጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ድርጅቶቹም ሥራ አልፈቱም፤ ይልቁንም በየቀበሌው አብሯቸው የሚሠራ ቋሚ ሰው አገኙ። የተራበች በጎ ፈቃደኛ ሥራውን ትታ ትሄዳለች፤ ደሞዝ ያላት ግን ትቆያለች።

እንግዲህ ነገ ለአስታማሚዎች ድጎማ ይውጣ ቢባል ሸክሙን በአሠሪው ላይ ብቻ መጫን በወሊድ ፈቃድ የታየውን ስሕተት መድገም ነው። ለመጋራት የሚያስችል መንገድ ደግሞ አገሪቱ አላት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲጀመር ብዙ ነጋዴ አጉረምርሞ ነበር፤ ዛሬ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ማዋጣቱ እንደ ወግ ተቆጥሯል። ከዚያው ጋር ትንሽ መዋጮ ተጨምሮ የወሊድና የማስታመም ፈቃድ ከጋራ ቋት ቢከፈል፣ ባለ አምስት ሠራተኛው ሱቅ ወጣት ሴት ለመቅጠር አይፈራም።

ይህም ሆኖ ባንኮ ጎቲቲ አይደርስም። ከኅዳር እስከ ጥር በቡና ማድረቂያ አልጋው ዳር ቆማ በቀን ሒሳብ ቡና የምትለቅመው ሴት የጡረታ መለያ ቁጥር የላትም። ልጇ ሲታመም ቀኗ ይቀራል፤ ያልሠራችበትን ቀን ማንም አይከፍላትም። እሷን ሊደርስባት የሚችለው ያቺ የሴፍቲኔት አንቀጽ ናት፤ እሷም ከለጋሽ እጅ ወጥታ በአገር በጀት ላይ ከቆመች።

ማስታመም ነጻ ሆኖ አያውቅም። እስከ ዛሬ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ስለሆነች ብቻ ነጻ መስሎ ታየ።