ግድግዳዬ ላይ ያልነበረው ፖስት ካርድ

ውድ የባች ጓደኞቼ፣ የስድስት ኪሎ ዶርማችን ግድግዳ ትዝ ይላችኋል? የጎንደሩ ልጅ የፋሲልን ግንብ፣ የሐረሩ የጀጎልን በር፣ የባሕር ዳሩ ጢስ ዓባይን ለጥፈው ነበር። የኔ አልጋ ራስጌ ባዶ ነበር። አንዳችሁ «አንተ የዋግ ልጅ፣ ያንተስ አገር የታለ?» ስትሉኝ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከአንገት በላይ።

ከተመረቅን በኋላ የሰቆጣንና የትውልድ ቀዬዬን የአበርገሌን አሮጌ ፖስት ካርድ ማፈላለግ የጀመርኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የቸርችል ጎዳናን የጥንት ዕቃ ሱቆች ስዞር፣ ውጭ አገር ያላችሁትን ደግሞ «እስኪ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስትገቡ እዩልኝ» እያልኩ ስጨቀጭቅ ኖሬያለሁ። ስንት አገኘህ ብትሉኝ፣ የሰቆጣ አራት፣ የአበርገሌ ዜሮ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፖስት ካርድ መንገድ ይከተላል። ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ያወጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1901 ዓ.ም.። የዚያን ዘመን ካርዶች ብታዩ ድሬዳዋ፣ ሐረርና አዲስ አበባ ይበዙባቸዋል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መስመር ነዋ! በሰሜን በኩል ደግሞ ምፅዋና አስመራ ላይ እንደ ሉዊጂ ናሬቲ ያሉ ጣሊያናውያን ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ሰቆጣ ከሁለቱም ራቀች። ከዚያ በፊትም በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ወደ መቅደላ ሲዘምት በአሸንጌ በኩል አለፈ እንጂ ወደ እኛ አልመጣም። የሚገርመው ሰቆጣ መንገድ አጥታ አታውቅም፤ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ከሚሸጥባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ነጋዴው በደንብ ያውቃታል፤ ካሜራ ግን አያውቃትም ነበር።

ካሜራው በብዛት የመጣው ከጦር ጋር ነው። የጣሊያን ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ሰቆጣ ገባ። ወታደሮቹ ያለ ቴምብር የሚልኩት ካርድ ነበራቸው፤ የአገሩን ፎቶም ለመታሰቢያ ይሰበስቡ ነበር። ከአራቱ ካርዶቼ ሦስቱ የዚያ ጊዜ ናቸው። አንደኛው ላይ የድንጋይ ቤቶች፣ ከኋላቸው ኮረብታ፣ ከላይ ሰፊ ሰማይ ይታያል። ከጀርባው አንድ ወታደር ለእናቱ ደህና መሆኑን በእርሳስ ጽፏል። ማህተሙ የጥር 1930 ዓ.ም. ነው።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአርበኝነት ሲዋጉ ተገደሉ። ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ እንዲታይ ተደረገ፤ ፎቶም ተነሳ። ያ ፎቶ ዛሬም አለ። የኔ ካርድ የተላከው ከዚያ አራት ወር በኋላ ነው፤ ፊቱን ብቻ ያየ ሰው ግን አገሩ ሰላም ነው ይላል። የታሪክ ተማሪ ሆኜ ካርድን ገልብጦ ማንበብ የተማርኩት በዚህች ካርድ ነው።

ከዚያ በኋላስ? ላሊበላ ጎረቤታችን የቱሪስት ካርድ ሞላት፤ እኛ ጋ የደረሰው ትንሽ ነው። አራተኛዋ ካርዴ ከሰቆጣ ብዙም የማትርቀው፣ ከዐለት የተፈለፈለችው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ናት። ዓለም የእኛን ሰው በብዛት ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው፤ ሞሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ኮረምን በፊልም ሲያሳዩ። ከዋግ በእግሩ ኮረም የገባው ሰው ብዙ ነበር። ያ ፊልም ስንቱን እንዳዳነ አልክድም። ግን ፊት እንጂ ስም የለውም።

አበርገሌማ ይቅር። ስሟን በመጽሐፍ ያየሁት በፍየሏ ዝርያ ነው! ልጅ ሆነን የዋኘንበት የተከዜ ዳር እንኳ ዛሬ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ሥር ነው።

በሰሜኑ ጦርነት እናቴ ከአበርገሌ ተፈናቅላ ሰቆጣ ገባች። ሰላም ሲሆን ልጠይቃት ሄጄ፣ ደስ ይላት እንደሆን ብዬ ካርዶቼን አሳየኋት። የድንጋይ ቤቶቹን ካርድ ብዙ ጊዜ አየችና «ልጄ፣ ሰዎቹስ?» አለችኝ። እውነትም አንድም ሰው የለበትም። ያን ሁሉ ዓመት አላስተዋልኩትም። ቀጥላ «የሠርጌ ፎቶ ያለበት አልበም እዚያው ቀረ» አለች።

ያ አልበም የሠርጉን ዳስ፣ አያቴን፣ ጎረቤቱን ሁሉ የያዘ ነበር፤ በየዓመቱ ለበዓል ስሄድ አገላብጠዋለሁ። የአበርገሌን ፎቶ ሮምና ለንደን ሳስፈልግ፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ ያለውን በስልኬ እንኳ አላነሳሁትም። ዜሮ ያልኳችሁ ቁጥር ድሮ ዜሮ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ዜሮ ያደረግሁት።

ስለዚህ ለቀጣዩ መገናኛችን አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤተሰብ ስትጠይቁ አልበሙን አስወጡና እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ አንሱ። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ከጀርባው ጻፉበት። ከናንተ መካከል በድሮ ጊዜ በአበርገሌ በኩል ያለፈ፣ አስተምሮም ይሁን ለሥራ ተመድቦ፣ አንድ ፎቶ ካለው እባካችሁ አሳዩኝ። ፎቶው ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ ብቻ ሰው ይኑርበት። እናቴ ማንነታቸውን ትነግረናለች።