የገጽ አደላደል ታሪክ፥ ከብራና እስከ ድረ ገጽ

ማናቸውም ጽሑፍ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ቃሉ ነው፤ ሁለተኛው ቃሉ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። ቃሉ መልካም ሆኖ አቀማመጡ የተዘበራረቀ እንደ ሆነ አንባቢው ይደክማል። በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ምክንያት በሚወጣው በዚህ መጽሔት ስለ ሁለተኛው፥ ማለት ስለ ገጽ አደላደል ታሪክ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ምክንያታችንም ዛሬ ተማሪዎች በኮምፒዩተር የሚማሩት የድረ ገጽ አደላደል እንግዳ ጥበብ ቢመስልም መሠረቱን አባቶቻችን በሚገባ ያውቁት ስለ ነበረ ነው።

የብራና ጸሐፊ ቆዳውን ፍቆ ካዘጋጀ በኋላ ወዲያው ብዕሩን አያነሣም። አስቀድሞ በገጹ ዳር ዳር በወስፌ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። በዚህም የዓምዱ ስፋት፥ የመስመሩ ብዛትና የኅዳጉ መጠን አንድም ፊደል ሳይጻፍ ይወሰናል። ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ይጠበቃል፤ ሐረግም የክፍሉን መግቢያ ያስጌጣል። በአንድ ዳዊት ውስጥ እንኳ መዝሙሩ በአንድ ዓምድ፥ ውዳሴ ማርያም ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ዓምድ ይጻፋል። ስለዚህ አደላደሉ የቃሉን ጠባይ ይከተል ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ትልቁ ምስክር በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌል ነው። ሊቃውንት ብራናውን መርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን እንደ ተዘጋጀ ገምተዋል። አራቱ ወንጌላውያን የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ክፍል የሚያሳየው የአውሳብዮስ ዘቂሣርያ ማመሳከሪያ በዚሁ መጽሐፍ ይገኛል። ቁጥሮቹ በተሳሉ ዓምዶችና ቅስቶች መካከል በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። በእኛም በወሎ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዛሬ ስመ ጥር ነው። እንዲሁም በወሎ የእስልምና ትምህርት በሚሰጥባቸው ስፍራዎች በዓረብኛ ፊደል በተጻፉ ኪታቦች በመስመሮቹ መካከልና በኅዳጉ ለማብራሪያ የሚሆን ቦታ ይተው ነበር።

ከብራና ወደ ማተሚያ ስንሻገር ግን አንድ ችግር እናገኛለን። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ፥ ግዕዝን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። ከዚያም በ1548 እና በ1549 የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው በዚያው በሮም አዲስ ኪዳንን አሳተሙ። አባቶች በዚህ መጽሐፍ ስለ ስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም ነበር። በአገራችን በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ሲቋቋም ያነባቢና የሠራተኛ እጅ አንድ የሚሆንበት ጊዜ ቀረበ።

እነሆ፥ ዛሬ ደግሞ ሦስተኛው ገጽ መጥቷል። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ድርን ካሳሰበ በኋላ፥ ሆኰን ቪየም ሊ የተባለ ኖርዌያዊ በ1994 ሲ ኤስ ኤስ የሚባለውን የአደላደል ቋንቋ ሐሳብ አቀረበ፤ ከሆላንዳዊው ከበርት ቦስ ጋራም አዳበረው። የመጀመሪያው ደረጃ በ1996 ጸደቀ። ዋናው ሐሳብ ቃሉን በአንድ ስፍራ፥ የቃሉን መልክና አቀማመጥ በሌላ ስፍራ መጻፍ ነው። አሳሾቹ ሕጉን እኩል ባለመጠበቃቸው ብዙ ገጽ ሠሪዎች ለዓመታት ለቁጥር ማሳያ የተፈጠረውን ሠንጠረዥ የገጽ አጥንት አድርገውት ነበር። በዚህም ቃልና አቀማመጥ ተቀላቅሎ አንዲት ነገር ለማረም ብዙ ገጽ መነካካት ግድ ሆነ።

በሲ ኤስ ኤስ ሕግ በገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር እንደ ሣጥን ይቆጠራል። መካከሉ ቃሉ ነው፤ በዙሪያው የውስጥ ክፍተት፥ ከዚያም ጠርዝ፥ በመጨረሻም ከጎረቤቱ የሚለየው ኅዳግ አለ። ፍሌክስቦክስ የሚባለው ዘዴ ሣጥኖችን በአንድ አቅጣጫ ይደለድላል። በ2017 በታላላቆቹ አሳሾች የገባው ግሪድ ግን ረድፍንና ዓምድን ባንድነት አስምሮ ሣጥኑን በቦታው ያኖራል፤ ይህም የወስፌውን ሥራ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ብራና አንድ ስፋት ብቻ ሲኖረው፥ ድረ ገጽ በሰፊ መስኮትም በእጅ ስልክም መነበቡ ነው። ስለዚህ ሕጉ «ስፍራው ሲጠብ ሁለቱ ዓምድ አንድ ይሁን» ብሎ ማዘዝ ይችላል።

ለፊደላችን የሚገባው ጥንቃቄ ግን ገና አላለቀም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በዓለም ኮምፒዩተሮች ሊጻፍ ይችላል። የቀድሞ ጸሐፊዎች መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ ከፍለው ወደ ታች ያወርዱት ነበር፤ ሁለት ነጥብም የቃሉን ወሰን ይጠብቅ ነበር። አሳሹ ግን ካልታዘዘ በቀር መስመሩን የሚቆርጠው በባዶ ስፍራ ወይም ከሁለት ነጥብ በኋላ ነው። ስለዚህ «እንደማያስፈልጋቸውም» የሚል ረዥም ቃል በጠባብ የስልክ ዓምድ ውስጥ ሲገባ ከጠርዙ ሊወጣ ይችላል። ሲ ኤስ ኤስ እንዲከፈል የሚያዝበት ትእዛዝ አለው፤ ተራ ቁጥርንም በ፩፥ በ፪፥ በ፫ እንዲጽፍ የሚያደርግ ሥርዓት በሕጉ ተደንግጓል። የሚያስፈልገው የሚያዝ ሰው ነው።

የተስፋ ጽዮን ታሪክ የሚያስተምረን ይህንን ነው። ፊደሉን የሚያውቅ ሰው መሣሪያውን ካላወቀ፥ መሣሪያውንም የሚያውቅ ፊደሉን ካላወቀ፥ ገጹ ሁልጊዜ ይቅርታ ሲጠይቅ ይኖራል። ከከላላ የምንወጣ ተማሪዎች ሁለቱንም የምንማርበት ዕድል አግኝተናል። ስለ ሆነም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ኮምፒዩተር ሲማሩ የአባቶችን ብራና ሄደው ይዩ፤ ኅዳጉን ይለኩ፤ መስመሩን ይቁጠሩ። እንዲህ ካደረግን የልጆቻችን ገጽ በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ አይሆንም።