ንባብና ዝምታ፤ የጎረምሳ አንባቢ ጠባይ ከፎገራ ቅኔ ቤት እስከ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ጎረምሶች ጠባይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ሁሉ የሚሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ይንሾካሾካሉ፣ በቡድን ይቀመጣሉ፣ ሳያነቡ ወንበር ይይዛሉ የሚል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ነገሩን ከታሪክ በኩል መመርመር ነው። ለምርመራውም የተመረጠው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በጉማራና በርብ ወንዞች ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከወረታና ከሐሙሲት ከተሞች ጋር ነው። ምክንያቱም ይህ አገር ከወላጆቹ ርቆ ለትምህርት ሲል የሚኖረውን ጎረምሳ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋልና ነው።

ከሜዳው በስተምዕራብ የጣና ገዳማት፣ በስተምሥራቅ የተክሌ አቋቋም ማእከል የሆነችው ደብረ ታቦርና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነው ዙር አምባ ይገኛሉ። ፊደልንና ዳዊትን የጨረሰ ልጅ ዜማ ወይም ቅኔ ለመማር ከቤቱ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በጉርምስናው መባቻ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል፤ ጎጆውንም ራሱ ይሠራል። እንግዲህ ዛሬ አስቸጋሪ የምንለውን ዕድሜ ያ ትምህርት ቤት እንዴት አድርጎ ይዞት ነበር?

በመጀመሪያ ደረጃ ድምፁን አልከለከለውም። ‹ንባብ› የሚለው ቃል የወጣው ‹ነበበ› ከሚለው የግእዝ ግሥ ሲሆን ትርጓሜውም ተናገረ ማለት ነው። ተማሪው ዳዊቱን የሚያጠናው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ለእያንዳንዱ ጠባይ ቦታና ሰዓት ነበረው። የቅኔ ተማሪ በቀን ለብቻው በየዱሩ ተበታትኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በጉባኤ ሰዓት ግን ከየኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ ይታረማል፤ ከጓደኞቹም ጋር ይከራከራል። በሦስተኛ ደረጃ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን እንዲያስጠና ኀላፊነት ይሰጠው ነበር። የብራና መጻሕፍት ግን በማኅደራቸው ሆነው በዕቃ ቤት ይጠበቁ ስለ ነበር እንደ ልብ አይነኩም ነበር። ስለዚህ ጥብቅ የሆነው ጥንቃቄ ለመጽሐፉ እንጂ ለድምፁ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ከሆኑት አንዱ በ19ኛው መቶ ዘመን በፎገራ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ሕዝብ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ሊቃውንት ግን የሚያስቧቸው በልጃቸው በተክሌ ስም በሚጠራው አቋቋም ነው። ነገር መምዘዝና በቃል መጫወት በዛሬው የንባብ አዳራሽ ከበር ውጭ ሊያስወጣ ይችላል፤ በቅኔ ቤት ግን በሰምና ወርቅ ስልት ተገርቶ ዕውቀት ሆነ።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ ማመስገናችን አይደለም። አለንጋውና እግር ብረቱ የታወቁ ናቸው፤ ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ልጆችም ከዚህ ትምህርት ውጭ ነበሩ።

በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቋቋም መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ለሕዝብ ቀረበ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን የንባብ አዳራሽ ደንብ ዝምታ ሆነ፤ ጉባኤው አብሮ አልመጣም። ጎረምሳው ከጎልማሳው ጋር በአንድ አዳራሽ ሲቀመጥ የሚናገርበትም፣ የሚያገለግልበትም ሰዓት አልተመደበለትም።

ወጣቱ ኀላፊነት ሲሰጠው ምን እንደሚሠራ ግን ታሪክ መስክሯል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወጣቶች አባቶቻቸውንና እናቶቻቸውን ፊደል አስቆጥረዋል። የዘመቻዎቹ የፖለቲካ ዓላማ ሌላ ምርመራ የሚሻ ሆኖ፣ ሊጠበቅ ይገባዋል የተባለው ልጅ መምህር ሊሆን መቻሉ አይካድም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በኢኖክ ፕራት ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ዓመት ያህል ወጣቶችን ያገለገሉት ማርጋሬት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ቤተ መጻሕፍቱን በመልካም የአትክልት ቦታ፣ ወጣቶቹን በአውሬ መንጋ ይመስላል፤ ይህም በባለሙያዎቹ ፍርሃት ላይ የተሰነዘረ ቀልድ ነው። የእርሳቸው መፍትሔ ግን ጥበቃ ማብዛት አልነበረም፤ ሠራተኛው የወጣቱን መጻሕፍት አስቀድሞ አንብቦ ከወጣቱ ጋር እንዲነጋገር ማድረግ ነበር።

ዛሬም ከፎገራና ከደራ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስንቁን ከቤቱ አምጥቶ በከተማ ክፍል ተከራይቶ ይማራል። አኩፋዳው ቢቀር ኑሮው የቆሎ ተማሪን ኑሮ ይመስላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው የንባብ ቤት ለእንዲህ ያለው ልጅ ከወንበርና ከመብራት በላይ ሆኗል፤ ከበሩ ከተባረረ የሚሄድበት ሌላ የዕውቀት ቦታ አያገኝምና። ስለዚህ እንደ ሐሙሲትና ወረታ ባሉ ከተሞች የንባብ ቤት የሚያቋቁም ሰው ደንቡን ‹ዝም በሉ› ብሎ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያስብ ይበጃል፤ የዝምታ ክፍል ከመነጋገሪያ ክፍል ወይም ሰዓት ይለይ፤ የበሰሉት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እንዲያስጠኑ ይመደቡ፤ ለመጽሐፉ ደኅንነትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ተጠያቂ ይሁኑ። ሦስቱም ለአገሩ እንግዳ አይደሉም።