የባላገሩ ዜና መዋዕል፦ በደብረ ማርቆስ ካሴትን ወደ ዲስክ ስለ መገልበጥ

የጎጃም ጸሐፍት የንጉሡን ዜና መዋዕል፣ የጻድቁንም ገድል በብራና እያሰፈሩ ለትውልድ ሲያቆዩ፣ ስሙ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በመርጡለ ማርያም ዕቃ ቤት ያልገባው ብዙው ባላገር፣ ልጁን ሲድር የመረቀው ምርቃት፣ ዳሱ ውስጥ የተሰማው ፉከራ፣ የእናቲቱም እልልታ ከዕለቱ አልፎ የሚዘልቅበት መንገድ ሳይኖረው ዘመናት አለፉ። ይህን መንገድ መጀመሪያ የከፈተለት የቪዲዮ ካሴት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም በደብረ ማርቆስ፣ በጥንቷ መንቆረር፣ በየፎቶ ቤቱ ጓዳ ተቀምጠው ካሴቱን ወደ ዲስክ የሚገለብጡት ባለሙያዎች ከታሪክ ጠባቂዎች ወገን ሊቆጠሩ ይገባቸዋል።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ ቪኤችኤስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ፣ ማለትም ዴክ፣ ለገበያ ያወጣው በ1969 ዓ.ም. ነው። ዴኩ ከአዲስ አበባ ሳሎኖች ወጥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ሠርግ ማስቀረጽ የደጋው ከተማ ልማድ እስኪሆን ድረስ ግን ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለደጋሹ ቤተሰብ ቀራጩ ከሚዜው እኩል የሚታሰብ ሰው ሆነ። ሙሽሮቹ ያስቀረጹት ተክሊላቸውንና መልሳቸውን ለማየት ነበር፤ ልጆቻቸው ዛሬ የሚፈልጉት ግን ጋቢ ተከናንበው በዳሱ ጥግ የተቀመጡትን፣ አሁን በአጸደ ሥጋ የሌሉትን አያቶች ነው።

የካሴቱ ክር ወርዱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ምስሉና ድምፁ በላዩ በተለበጠው ደቂቅ የብረት ብናኝ ላይ በማግኔት ኃይል ተጽፏል፤ ብናኙን የያዘውም ሙጫ እርጥበት ሲስብ ይለዝዛል። የደጋው ክረምት ረጅም ነው፤ ካሴቱም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከቁም ሣጥን ሥር ነው። ባለሙያው በጎኑ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ክዳኑን ገለጥ ሲያደርግ፣ በክሩ ጠርዝ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ያያል። ይህን ሳይጠርግ ወደ ዴኩ የከተተው እንደሆነ ክሩ ይበላል፤ በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚሽከረከረው የዴኩ ማንበቢያ፣ ሄዱም፣ ይቆሽሻል። ስለዚህ በቀስታ ይጠርገዋል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያጠነጥነዋል፣ ሄዱንም በአልኮል ያጸዳል። የሦስት ሰዓት ሠርግ ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት በመካከል የጠፋ እንደሆነም እንደገና መጀመር ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ደግሞ የተቀረጸው በኤንቲኤስሲ ሥርዓት ስለሆነ፣ የእኛን ፓል ብቻ የሚያውቅ ዴክ አስተካክሎ አያሳየውም።

ዴኩ ራሱ እየጠፋ ነው፤ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ዴክ መሥራቱን ካቆመ ወዲህ፣ የተበላሸው የሚጠገነው ከሌላ አሮጌ ዴክ በተፈታ ዕቃ ነው።

ዘመናትን ለሚሻገረው ብራናችን እንኳ የሚያስብለት ተገኝቷል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙዎቹን መርምረው ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። ሠላሳ ዓመት በደኅና መዝለቁ ለሚያጠራጥረው የሠርግ ክር ግን ያለው አሳቢ ባለቤቱና የሰፈሩ ገልባጭ ናቸው።

ዲስኩም ቢሆን በጨረር የተጻፈበት ቀለም በጊዜ ብዛት ይደበዝዛልና፣ ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ማኖር ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የስሙ ነገር ነው። የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ ፍጻሜ የራሱንና የአጻፊውን ስም ያኖር ነበር፤ በዲስኩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ሠርግ» ከሚለው ቃል በቀር አንዳች አይገኝም። እንግዲህ የዳሱን ታዳሚ ለይተው የሚያውቁት እናቶች ገና በሕይወት ሳሉ፣ ልጆቻቸው ምስሉን ከፊታቸው አቁመው፣ «እማማ፣ እኚህ ማን ናቸው?» እያሉ ይጠይቁ፤ የነገሯቸውንም ስም ከነአባቱና ከነአጥቢያው ጽፈው ከዲስኩ ጋር ያኑሩ።