ለቤት ኪራይ የተሠራ ጨዋታ

ኮምፒውተር ከለመድን የኢሉባቦር ልጆች መካከል የራሱን ጌም የመሥራት ሕልም ያልነበረው ጥቂት ነው፡፡ ከዚያስ ምን እንሠራለን? የሠርግ ቪዲዮ እንቆርጣለን፣ ለሆቴል ሜኑ እንጽፋለን፣ ለሱቅ ባነር ዲዛይን እናደርጋለን፡፡ ጓደኛ ‹ያ ጌም የት ደረሰ?› ሲለን እናቀረቅራለን፡፡ ዛሬ ማውራት የፈለግነው ስለዚህ እፍረት ነው፡፡ ታሪኩን ገለጥ ገለጥ ስናደርገው እፍረቱ ቦታ የለውም፡፡

እስቲ ከቤልጅግ እንጀምር (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ላሪያን የተባለው ስቱዲዮ በ1996 ተቋቋመ፡፡ በ2002 ‹ዲቫይን ዲቪኒቲ› የተባለ ጌም አወጣ፡፡ ተቺዎች ወደዱለት፤ ገንዘቡ ግን ወደ ሠሪዎቹ ኪስ ብዙም አልገባም፡፡ ስቱዲዮው ኪሳራ አፋፍ ላይ ደረሰ፣ ብዙ ሠራተኞቹን አሰናበተ፡፡ ታዲያ በምን ተረፈ? በልጆች ጨዋታ! ለቤልጅግ የሕዝብ ቴሌቪዥን የልጆች ጣቢያ ‹ኬትኔት ኪክ› የተባለ ጌም ሠርቶ በ2004 አስረከበ፡፡ በኋላም ለእንግሊዙ ቢቢሲ ‹አድቬንቸር ሮክ›ን ሠራ፡፡ ስለ ዘንዶና ስለ ጎራዴ ሲያልሙ የነበሩ ሰዎች ለሕፃናት ፕሮግራም ተቀጠሩ ማለት ነው፡፡ የራሳቸውን ዲቪኒቲ ግን አልተዉትም፡፡ በ2009 ‹ዲቪኒቲ 2›ን፣ በ2014 ‹ኦሪጅናል ሲን›ን አወጡ፡፡ በ2023 ያወጡት ‹ባልደርስ ጌት 3› ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸለመ፡፡

የ‹ዱም› ሠሪዎችም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፡፡ እነዚህ አሜሪካውያን በ1991 አይዲ ሶፍትዌርን ሲያቋቁሙ ከቀድሞ ቀጣሪያቸው ከሶፍትዲስክ እንዲሁ አልተለቀቁም፤ በየሁለት ወሩ አንድ ጌም ሊያስረክቡ ተዋዋሉ፡፡ ሌላ ሰው ቢሆን የተገኘውን ለቅልቆ ይሰጥ ነበር፡፡ እነሱ ግን የግዴታውን ሥራ መሞከሪያ አደረጉት፡፡ ‹ሆቨርታንክ› እና ‹ካታኮምብ› በተባሉት የግዴታ ጌሞች ላይ የሞከሩት የስሪዲ አሠራር በ1992 ‹ቮልፈንስታይን›ን፣ በ1993 ‹ዱም›ን ወለደ፡፡

ወደ አገራችን እንመለስ፡፡ ዋልያስ ባንድ ጌም አልሠራም፤ ችግሩ ግን ያው ነበር፡፡ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቀኛው የሚጫወትበት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር፡፡ ከክለቡ የለቀቀ ባዶ እጁን ይወጣል፡፡ ዋልያሶች ግን መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዙ፡፡ ከዚያም ሒልተን ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ተጫወቱ፡፡ የሒልተን ስም ትልቅ ነው፤ ሥራው ግን እራት የሚበላ እንግዳ እንዳይሰለቸው ማታ ማታ መጫወት ነው፡፡ ያውም በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊ! በዚሁ መሀል በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሆነው ‹ቼ በለው› የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም ሠሩ፡፡ ዛሬ ዓለም የሚያነሳቸው በዚያ አልበም እንጂ በእራት ሙዚቃቸው አይደለም፡፡ ባንዱን ያቆየው ግን የእራቱ ሥራ ነው፡፡

ልብ በሉ፤ የሰው ሥራ የሠራ ሁሉ ለራሱ ይደርሳል እያልን አይደለም፡፡ የሦስቱም ታሪክ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው፡፡ ሁሉም ለገበያ የማያወጡት ነገር ነበራቸው፡፡ ላሪያን ዲቪኒቲን፣ የዱም ሠሪዎች ሙከራቸውን፣ ዋልያሶች መሣሪያቸውን አልሰጡም፡፡

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፡፡ ከመቱ ወደ በደሌ ስንሄድ የምናገኘው የያዮ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፡፡ ጠቅላላ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ነው፡፡ የዱር ቡናው ዘር እንዲጠበቅበት የተከለለው እምብርት ግን 27,733 ሄክታር ብቻ ነው፡፡ ዙሪያውን ቡና የሚለቀምበት 21,552 ሄክታር አለ፡፡ ቀሪው 117,736 ሄክታር ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው፡፡ ዳር ያለው መሬት ሰውን ያበላል፤ መሀል ያለው ዘሩን ያቆያል፡፡ የዳሩን እርሻ ነውር ነው የሚል የለም፡፡ ነውሩ ሞፈሩ ድንበሩን አልፎ እምብርቱ ሲገባ ነው፡፡

ጌም የእኛ አገር ሥራ አይደለም የሚለውም ሰበብ ከእንግዲህ አያዋጣም፡፡ ቅኔ ጌምስ ከአዲስ አበባ ‹ኩኩሉ›ን ሠርቶ አሳይቶናል፡፡ ስለዚህ ባነሩም ይሠራ፣ የሠርጉም ቪዲዮ ይቆረጥ፤ ኪራይ መከፈል አለበት፡፡ ጥያቄው ከሳምንቱ ውስጥ ለማንም የማትሸጠው ቀን የትኛዋ ናት የሚለው ነው፡፡

እኛ ቅዳሜን አጥረናታል፡፡ ለጌማችን ገና ስም አላወጣንለትም፡፡