ስደተኛን ስለ መቁጠር

በ1922 ዓ. ም. (ይህና ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በመስከረም ወር የቱርክ ጦር ሰምርኔስ ከተማ በገባ ጊዜ፥ በታናሽ እስያ ይኖር የነበረው የግሪክ ሕዝብ ቤቱንና እርሻውን እየተወ ባሕር ተሻግሮ ወደ ግሪክ አገር ጎረፈ። በአቴና የከተማው ቴአትር ቤት ሳይቀር ማደሪያ ሆኖ፥ በእያንዳንዱ የተመልካች ሰገነት አንድ ቤተ ሰብ ይኖር ነበር። በጥር 1923 ዓ. ም. በሎዛን የተፈረመው ውል ደግሞ፥ ከተወሰኑ ስፍራዎች በቀር፥ የሁለቱ አገሮች ሕዝብ በሃይማኖቱ እየተለየ እንዲለዋወጥ ስለ አዘዘ፥ ስደተኛው ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋ።

ለተራበ እንጀራ መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን የተራበው ስንት እንደ ሆነ ሳይታወቅ እህል ቢታደል፥ ጉልበተኛው ሁለት ጊዜ ሲወስድ መበለቲቱ ባዶ እጅዋን ትመለሳለች። ስለዚህ በ1923 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር ስደተኞቹ ተቆጠሩ፤ 786,431 ሆነው ተገኙ። በ1928 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን፥ ከ1922 ዓ. ም. ጥፋት በፊት የመጡትን ጨምሮ፥ ቁጥሩ 1,221,849 ደረሰ። ይህም ከአገሩ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ያህል ስደተኛ ነበረ ማለት ነው። የፊተኛው ቆጠራ በተደረገ ጊዜ ሰው ገና በመምጣት ላይ ነበር። የስደተኛ ቁጥር እንደ ወንዝ ውሃ ነውና፥ አንድ ቀን የተለካው ለዓመት አይበቃም።

በ1923 ዓ. ም. በመንግሥታት ማኅበር ጠባቂነት የስደተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሲዮን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበሩም አሜሪካዊው ሄንሪ ሞርገንታው ነበሩ። ደንቡ ገንዘቡ ሰውን በሥራ ለማቋቋም እንጂ ለምጽዋት እንዳይውል ይከለክል ነበር። እንግዲህ «ስንት ናችሁ?» ማለት ብቻውን አልበቃም፤ ገበሬው ማን ነው፥ አንጥረኛው ማን ነው፥ ያለ ባል ልጆች የምታሳድገውስ ማን ናት ብሎ መለየት ያስፈልግ ነበር። ከስደተኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት በመቄዶንያ ሰፈሩ፤ ከገንዘቡም አብዛኛው ለገበሬው ወጣ። የከተማው ስደተኛ ግን ብዙ ዓመት በጎጆ ኖረ።

ሌላም መዝገብ ነበረ። ስደተኛው ጥሎት የመጣውን ቤትና የወይን ቦታ አስመዝግቦ ካሣውን ይጠብቅ ነበር። ሆኖም በሰኔ 1930 ዓ. ም. በአንካራ በተፈረመው ውል ሁለቱ መንግሥታት የንብረቱን ክስ እርስ በርሳቸው ስለ ተሰራረዙ፥ ከቱርክ ይመጣል የተባለው ካሣ ቀረ። ያ መዝገብ ለባለቤቱ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ሆነበት።

ስደተኛን የሚጠይቅ ዕዳ ይገባበታል። ስሙንና ያጣውን የተናገረ ሰው ቃሉን ለሰሚው አደራ ሰጥቷልና። ስለዚህ ዛሬም መዝገብ ይዞ ወደ ስደተኞች ሰፈር የሚሄድ ሹም፥ እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ርዳታ እንደሚያመጣ አስቀድሞ ይመርምር፤ የማይረዳበትን አይጠይቅ፤ የተነገረውንም ከሚመለከተው ሳያደርስ መዝገቡን አይዝጋ።