ባልና ሚስት ሲለያዩ፦ የሀብት ክፍፍል በሀገራችን ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በቅዱስ ቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ እስከ ሞት ድረስ እንዲጸና ታስተምራለች። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ በስፋት ይናገራል። ይሁን እንጂ ከሕዝባችን ብዙው በሰማንያ ይጋባ ስለ ነበር፣ ትዳሩ ሲፈርስ አንዱ ሌላውን እንዳይበድል አበው ሥርዐት አበጅተው ነበር።

በሰማንያ ጋብቻ ሁለቱ ወገኖች ይዘው የሚመጡት ከብትና ሌላ ጥሪት በሽማግሌዎች ፊት ይነገራል፤ ዋስም ይጠራል። ሲለያዩ እያንዳንዱ ያመጣውን ያነሣል፤ አብረው ያፈሩትን ግን እኩል ይካፈላሉ። ርስት በዘር የሚወረስ በመሆኑ ሴቲቱ ከአባት ከእናቷ ያገኘችው ርስት የራሷ ሆኖ ይቀራል። በደመወዝ የገባች ሴት ግን የተዋዋለችውን ደመወዝ እንጂ እኩሌታ አታገኝም ነበር። ስለዚህ የሴቲቱ ዕጣ የሚወሰነው በገባችበት ውል ነበር ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ከድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር፤ የጋራውን ሀብት ማስተዳደርም በአብዛኛው ለባል የተተወ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በጋብቻ ጊዜም በፍቺ ጊዜም የባልና የሚስትን እኩልነት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ በውል ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ የጋራ ሀብት እኩል እንዲከፈል አዘዘ። ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻም በዚህ ሕግ የታወቀ ነውና ውጤቱ አንድ ነው።

ልብ በሉ! ደመወዝ ሳትቀበል ልጆች ያሳደገች፣ ቤት ያቀናች እናት ድካሟ ከባሏ ገቢ ጋር እኩል ተቈጥሯል። ይህም ከአበው የእኩል ክፍፍል ጋር የሚስማማ ነው። እንግዲህ ቤትን በወንድም ስም ማዛወር፣ ገንዘብን መሸሸግ፣ የሌለ ዕዳ መፍጠር በሕግ ፊት ማታለል፣ በእግዚአብሔር ፊትም ስርቆት ነው። በፍርድ ቤት ባይገለጥ እንኳ ንስሓና የተወሰደውን መመለስ ይጠይቃል።

ለጋብቻ የምትዘጋጁ ወጣቶች ሆይ፣ ያላችሁን አስቀድማችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። እንዲህ ማድረግ ፍቺን ማሰብ አይደለም፤ በእውነት ላይ የቆመ ቤት መሥራት ነው እንጂ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።